የአሰልጣኝ ጥሩነህ ጥፋቶች

አሰልጣኝ ጥሩነህ ማረፋቸውን የነገረኝ ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ደንበኛዬ ነው። ሱቄ ውስጥ ቆሞ እግሩን እየለካሁት ሳለ፣ እንደ ዋዛ «እኒያ የኔታ የምትሏቸው የኳስ አሰልጣኝ ሞቱ አሉ እኮ» አለኝ። አፌ ውስጥ ስፒል ይዤ ስለነበር ወዲያው መመለስ አልቻልኩም። ስፒሎቹን አንድ በአንድ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ካስቀመጥኩ በኋላ «የትኛው የኔታ?» አልኩት። የትኛው እንደሆኑ ግን ገብቶኛል። ደብረ ማርቆስ ውስጥ የኔታ የሚባል መምህር ሞልቷል፤ ለእኛ ለኳስ ሰዎች አንድ ብቻ ነበሩ።

አመሻሹ ላይ የስፖርት ዜና ይዘግብ ይሆናል ብዬ ሬዲዮ ከፈትኩ። ጋዜጠኛው በአውሮፓ ስለሚጫወት አንድ አጥቂ የጉልበት ሕመም ስንት ነገር ካወራ በኋላ፣ መጨረሻ ላይ «የቀድሞው የክለባችን አሰልጣኝ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል» ብሎ ወደ ማስታወቂያ ሄደ። የቀድሞው! ስንት የቀድሞ አሰልጣኝ ያለን ክለብ ነን፤ ከእነዚያ ሁሉ ጋር አንድ ከረጢት ውስጥ ከተታቸው። እኔ ስናደድ ቶሎ አይበርድልኝም፤ ባለቤቴም ይህን ስለምታውቅ ሬዲዮውን ዘጋችው።

እሳቸው የመጡበትን ዓመት ማንም የማርቆስ ደጋፊ አይረሳውም። በአንድ ዓመት ሁለት አሰልጣኝ አባርረን ሦስተኛውን እየጠበቅን ነበር። ቡድናችን ከሊጉ ሊወርድ አፋፍ ላይ ነው። ወሬው ደግሞ የሚመጣው ሰው ከአዲስ አበባ ነው፣ ትልልቅ ቡድን ይዟል፣ ውጭ አገር ተምሯል የሚል ነበር። ወሬውን ማን እንዳመጣው አይታወቅም፤ እኔም ግን ለሰው ሁሉ አዳርሼዋለሁ። የደጋፊው ከበሮ መሪ ነኝ፤ የክለቡን ማሊያ ቁጥር የምሰፋውም እኔ ስለሆንኩ ሰው የውስጥ አዋቂ አድርጎ ያየኛል።

በመጀመሪያው የልምምድ ቀን የሜዳው አጥር ዙሪያውን ሰው ሞላው። ሥራውን ጥሎ ያልመጣ የለም። መኪና እየጠበቅን ሳለ በእግራቸው አንድ ሰውዬ በበሩ ገቡ። ሰማያዊ ቱታ ላይ ጋቢ ደርበዋል፤ እግራቸው ላይ የደበዘዘ ሸራ ጫማ አለ። ጎኔ የቆመው ፀጉር አስተካካዩ አስማረ ምላሱ አያርፍምና፣

«የኔታ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በወዲያ ነው!» ብሎ ጮኸ።

አጥሩ ዙሪያ ሳቅ ሆነ። ሰውየው ዞር ብለው ጎንበስ አሉና «አውቃለሁ ወንድሜ፣ አሁን ከዚያው ነው የመጣሁት» አሉት። ከዚያም ወደ ተጫዋቾቹ ሄደው ጋቢያቸውን አጥፈው የጎሉ ብረት ላይ ሰቀሉት። ያኔ ነው አዲሱ አሰልጣኝ እሳቸው መሆናቸው የገባን።

ሳቃችን ወዲያው ጠፋ። ከዚያ በኋላ የተባለው ብዛቱ! አንዱ የግብርና ባለሙያ ይመስላሉ አለ። ሌላው የእግራቸውን ደጋንነት አይቶ ድሮ ኳስ ተጫውተው መሆን አለበት አለ። በነጋታው ደግሞ ቁይ በምትባል ትንሽ ከተማ የስፖርት አስተማሪ እንደነበሩ፣ ከዚያ በፊትም ዲማ ገዳም ቅኔ ተምረው እንደነበር ተሰማ። ይሄ ጭራሽ አሳበደን። እኛ ከአዲስ አበባ ስንጠብቅ ከቁይ! «ልጆቹን ዳዊት ሊያስደግሟቸው ነው» እየተባለ ተቀለደ። የኔታ የሚለው ስምም በዚያው ተለጠፈባቸው። እኔ ራሴ ሁለት ሳምንት አይቆዩም ብዬ ለሰማ ሁሉ ተናግሬያለሁ።

ፊሽካ አይነፉም ነበር። በጭብጨባ ነበር የሚያዝዙት። ልጆቹን በስም ብቻ ሳይሆን በአገራቸው ይጠሯቸዋል፦ «አንተ የደብረ ወርቁ፣ ክፍት ቦታ እየጠበቀህ ነው፤ ሂድለት እንጂ!» ይላሉ። ሲናደዱ ድምፃቸው ይወርዳል እንጂ አይጨምርም፤ ልጆቹም ከጩኸቱ ይልቅ ያን ዝቅታ ይፈሩት ነበር።

የመጀመሪያው ጨዋታ በሜዳችን ሦስት ለባዶ ተሸነፍን። ደጋፊው ተሳድቦ ለመሸኘት አጥሩ ላይ ተደረደረ። ልማዱ አሰልጣኙ በኋላ በር ሾልኮ መውጣቱ ነው። እሳቸው ግን ሜዳውን አቋርጠው ቀጥታ ወደ እኛ መጡ። አጥሩ ጋ ደርሰው ቆቧቸውን አወለቁ።

«ዛሬ ሦስት ጥፋት አጥፍቻለሁ» አሉና ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ። «የግራው ተከላካይ እግሩን እንደሚያመው እያወቅሁ አሰለፍኩት። አንድ። ነፋሱ መዞሩን እያየሁ ለበረኛው አልነገርኩትም። ሁለት። ሁለተኛው ጎል ሲገባ ተናድጄ ልጆቹን ተቆጣሁ፤ ከዚያ በኋላ ኳስ መቀበል ፈሩ። ሦስት። እነዚህ የእኔ ናቸው። ለዛሬ ይቅር በሉኝ፤ እነዚህኑ ከደገምኩ ግን እንዳትምሩኝ።»

ቆቧቸውን መልሰው አድርገው ሄዱ። ማን ይሳደብ? አስማረ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣

«ሰውየው ራሱን ሰድቦ ስድባችንን ቀማን እኮ!» አለ።

እውነቱን ለመናገር አልወደድነውም። እኛ የምናውቀው ዳኛውን፣ ዝናቡን፣ ሜዳውን፣ የመኪና መንገዱን የሚከስ አሰልጣኝ ነው። ከእሱ ጋር አብረን ዳኛውን ስንረግም ሽንፈቱም ይቀለን ነበር። ጥፋቴ ነው የሚል ሰው ግን ምን ይደረጋል? ደካማ ናቸው ተባለ። እኔም ይውረዱልን የሚል ዜማ አውጥቼ በሚቀጥለው ጨዋታ ከበሮ እየመታሁ ሕዝቡን አስጩኼያለሁ። እሳቸው ተነስተው ወደ እኛ ተመለከቱና በዜማው ምት እግራቸውን ሁለቴ መታ መታ አድርገው ተቀመጡ። እኔም ከበሮውን ይባስ አጠነከርኩት።

የተለወጥኩት ቀስ በቀስ ነው። የተቀደደ ማሊያ የሚያመጡልኝ ራሳቸው ነበሩ። አንድ ቀን ሱቄ ውስጥ ተቀምጠው ስሰፋ ሲያዩኝ ቆዩና፣

«ይርጋ፣ አንተ ልብስ ስታበላሽ ለባለቤቱ ትነግረዋለህ?» አሉኝ።

«ምን እነግረዋለሁ ጋሼ፣ እንዲህ ነው ፋሽኑ እለዋለሁ እንጂ!»

ዕንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ስቀው ሲያበቁ ከጨዋታ በኋላ መጥቼ ማሊያዎቹን እዚያው ሜዳ ላይ እንድጠግንላቸው ጋበዙኝ። ያን ቀን ነው የሚሠሩትን በዓይኔ ያየሁት። ተጫዋቾቹን ሣሩ ላይ ክብ አስቀምጠው መጀመሪያ የራሳቸውን ጥፋት ይናገራሉ። ከዚያ ተራው ከበረኛው ጀምሮ ይዞራል። ሕጉ አንድ ነው፤ የራስህን ትናገራለህ እንጂ የሌላውን አታነሳም። ከየት እንዳመጡት ስጠይቃቸው «ቅኔ ቤት እኮ ያበላሸሁትን ጓደኞቼ ሁሉ እየሰሙ ነበር መምህሬ የሚያርሙኝ። ይኸው አልሞትኩም» አሉኝ።

መጀመሪያ ልጆቹ ይሽኮረመሙ ነበር። በር የሚያህለው የመሐል ተከላካያችን ተራው ሲደርስ ሣር ብቻ ይነጫል። አንድ ቀን በረኛው «ማዕዘን ምት ሲመጣ እፈራለሁ፤ ለዚህ ነው የማልወጣው» አለ። ማንም አልሳቀበትም። ተከላካዩ ቀና ብሎ «እኔ ደግሞ አንተ ትወጣለህ ብዬ ነው የምቆመው» አለው። ሁለቱ በነጋታው ለብቻቸው መጥተው ማዕዘን ምት ሲለማመዱ ዋሉ። ከዚያ በኋላ በማዕዘን ምት ጎል የገባብን ትዝ አይለኝም።

ማሸነፍ ጀመርን። ሁልጊዜ አይደለም፤ ግን ስንሸነፍም ቡድን መሰልን። ደጋፊው ጨዋታ ሲያልቅ አጥሩ ጋ ቆሞ እሳቸውን መጠበቅ ለመደ። አሸንፈንም ጥፋታቸውን ይነግሩናል። አንድ እሑድ ተናግረው ሲጨርሱ አስማረ ከመሃል ዘሎ ወጣ።

«ጋሼ፣ እኔም አጥፍቻለሁ! ጨዋታው እስኪያልቅ የመስመር ዳኛውን እናት ስሰድብ ነበር!»

«ታዲያ ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? ሰውየው ያውልህ» አሉት፣ ቦርሳውን አንግቦ ወደ በሩ የሚሄደውን ዳኛ እያሳዩት።

አስማረ ሮጦ ደረሰበት። የመስመር ዳኛው ሊመታው የመጣ መስሎት ቦርሳውን ፊቱ ላይ ጋረደ። ኋላ ሲተቃቀፉ ሜዳው በጭብጨባ ተናጋ። የኔታ የሚለው ስምም ከዚያ ወዲህ ስድብ መሆኑ ቀረ፤ ልጆቹም እኛም ከልባችን እንጠራቸው ጀመር።

እንግዲህ ወደሚያመኝ ነገር ልምጣ። ሁለት ጨዋታ ሲቀረን ከሜዳችን ውጭ ተሸንፈን ተመለስን፤ ከመውረድ አልዳንም ነበር። ማክሰኞ ልምምድ ላይ ልጆቹ እንደ ልማዳቸው ክብ ሠርተው ተቀመጡ። እኔ ትንሽ ፈንጠር ብዬ የበረኛውን ማሊያ ቁጥር እሰፋለሁ። ተራው አንተነህ ጋ ደረሰ። አንተነህ ዋናው ጎል አግቢያችን ነው፤ የክለቡ ሰብሳቢ የአቶ ስሜነህ የእህት ልጅም ነው። በዚያ ጨዋታ ባዶ ቦታ ላይ ለቆመ ጓደኛው ማቀበል ሲገባው ሁለት ጊዜ ራሱ መትቶ ስቷል። ይህን ሁሉም አይቷል፤ ግን ሕጉ ነውና ከእሱ በቀር የሚናገር የለም።

አንተነህ ተነሳ። ማሊያውን አወለቀና አሰልጣኙ ፊት ላይ ወረወረው።

«ካህን ነዎት እንዴ ንስሐ የሚያስገቡን? ጎል የማገባላችሁ እኔ ነኝ፤ ለአጎቴ ሳልነግርብዎ ተዉኝ!»

ማሊያው ከፊታቸው ላይ ተንሸራቶ ጭናቸው ላይ ወደቀ። አነሱት፣ አጠፉት፣ እጅጌዎቹን ወደ ውስጥ መልሰው አጠገባቸው አስቀመጡት።

«ተራህን አለፍክ። ሲመችህ ትመለሳለህ፤ እስክትመለስ ግን አትሰለፍም» አሉት።

ሐሙስ ዕለት ስብሰባ ተጠራ። የክለቡ ቢሮ ውስጥ አቶ ስሜነህ፣ ሌሎች የኮሚቴ አባላት፣ አሰልጣኙና በደጋፊው ስም እኔ ተቀመጥን። ደብዳቤው ቀድሞ ተጽፎ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። አቶ ስሜነህ አነበቡት። አሰልጣኙ ተጫዋቹን በግል ቂም ተነሳስተው በጓደኞቹ ፊት ማዋረዳቸውን አምነው ይቅርታ ይጠይቃሉ፣ ለእሑድም ያሰልፉታል ይላል።

«ይፈርሙና ስብሰባውን እንዝጋ» አሏቸው።

«ያዋረድኩት የለም አቶ ስሜነህ። ማሊያ የተወረወረበት ፊት የእኔ ነው።»

«ልጁ አልወረወርኩም ብሏል። ተቀምጦ ያየ ገለልተኛ ሰው አለ?» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «አቶ ይርጋ፣ እዚያ ነበርክ መሰለኝ። ደጋፊው ምን ይላል?»

ሁሉም አዩኝ። አሰልጣኙም አዩኝ። እንግዲህ በዚያች ሰዓት ያሰብኩትን ልናገር፤ አቶ ስሜነህን አልፈራኋቸውም። ያሰብኩት እሑድን ነው። ያለ አንተነህ ማን ጎል ያገባል? ብንወርድስ? ይህን እያሰላሰልኩ፣

«ደጋፊው የሚፈልገው ውጤት ነው» አልኩ።

ያየሁትን ተጠየቅሁ፤ የምፈልገውን መለስኩ። አሰልጣኝ ጥሩነህ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አንስተው ደብዳቤውን በጣታቸው ወደ አቶ ስሜነህ ገፋ አደረጉት። ድምፃቸው ዝቅ ብሏል።

«ያጠፋሁትን ሁሉ በየሳምንቱ ሕዝብ ፊት ቆሜ ነግሬያችኋለሁ። ማንም ሳያስገድደኝ ነው የተናገርኩት። ያላጠፋሁትን ግን አልፈርምም። ነገ ደግማችሁ ብትጠሩኝም አልፈርምም።»

«እንግዲያው ክለቡ ያሰናብትዎታል።»

«አሰናብቱኝ። ምክንያቱን ግን በትክክል ጻፉት» ብለው ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ወጡ።

እሑድ አንተነህ ጎል አገባ። በሚቀጥለውም እኩል ለእኩል ወጣንና በሊጉ ቆየን። የተመኘሁትን ውጤት አገኘሁ። መዳፌ እስኪላጥ ከበሮ መታሁ፤ አቶ ስሜነህን ትከሻችን ላይ ተሸከምናቸው። ደስ ብሎኝም ነበር፤ አልዋሽም። ጨዋታው ሲያልቅ ግን አስማረና ሌሎች ጥቂት ሰዎች ከልማድ የተነሳ አጥሩ ጋ ቆመው ቀሩ። ወደ እነሱ የመጣ ሰው አልነበረም። በሚቀጥለው ዓመት የክቡ ነገር ቀረ፤ ልጆቹም ጎል ሲገባባቸው እርስ በርስ ጣት መቀሳሰር ጀመሩ።

ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ አገኘኋቸው። መንገዱ ሰላም በሆነበት ሰሞን ለሥራ ቁይ ወርጄ ገበያ መሃል ተገጣጠምን። ወደ ማስተማራቸው ተመልሰው ነበር። አቅፈው ሳሙኝ፤ ጠጅ ቤት አስገብተው ጋበዙኝ። ስለ በረኛው ጠየቁኝ፣ ስለ አስማረ ጠየቁኝ። ይቅርታ ልጠይቃቸው እልና ስለ ማሊያ አወራለሁ። እሳቸው ቀደሙኝ።

«ያን ሐሙስ አንድ ጥፋት ነበረብኝ» አሉ። «ሰው ሁሉ እያየህ አንተ ላይ ማፍጠጥ አልነበረብኝም። አስጨንቄሃለሁ።»

«ኧረ ምንም አይደል ጋሼ» አልኳቸው። ይኸው ነው የመለስኩት። መኪና ውስጥ ተቀምጬ እስከ ማርቆስ ድረስ ራሴን ስሰድብ መጣሁ።

ቀብራቸው የተወለዱበት ቀበሌ፣ ዲማ አቅራቢያ ነበር። እስከ ብቸና በመኪና ሄደን ከዚያ ወዲያ በእግራችን ተጓዝን። አስማረ ነበር፣ በረኛው ነበር፣ ያ ሣር ይነጭ የነበረው ተከላካይም አስከሬኑን ከተሸከሙት አንዱ ነበር። ከቁይ ተማሪዎቻቸው መጥተዋል። የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል።

አቶ ስሜነህ ከክለቡ ሰዎች ጋር የአበባ ጉንጉን ይዘው ደረሱ። ፍትሐቱ እንዳበቃ ክንዴን ያዙና በላስቲክ የተሸፈነ ወረቀት ሰጡኝ።

«የሕይወት ታሪካቸውን ክለቡ አዘጋጅቷል። አንተ አንብበው፤ ድምፅህ ይሰማል።»

አስከሬኑ አጠገብ ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ። የተወለዱበትን፣ ዲማ ቅኔ የተማሩበትን፣ ያስተማሩበትን፣ ያፈሯቸውን ልጆች አነበብኩ። ሁሉም እውነት ነው። ወደ እኛ ክለብ ደረስኩ። ወረቀቱ «ክለቡን በትጋት ካገለገሉ በኋላ በገዛ ፈቃዳቸው ሥራቸውን ለቀዋል» ይላል።

አቆምኩ። አቶ ስሜነህ ሳል አሉ። ሕዝቡ ልቅሶ የተናነቀኝ መስሎት «አይዞህ፣ አይዞህ» አለኝ። እንባ አልነበረም። ያ የሬዲዮ ቀን ንዴት ጭራሽ አልበረደልኝም ነበር፤ አሁን ግን የምናደደው በማን ላይ እንደሆነ አወቅሁ።

«እዚህ ላይ በገዛ ፈቃዳቸው ለቀቁ ይላል» አልኩ። «ውሸት ነው። አባረርናቸው። ያላጠፉትን ፈርሙ አልናቸው፣ አልፈርምም አሉ፣ አባረርናቸው። ማሊያ ፊታቸው ላይ ሲወረወር እኔ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ስብሰባው ላይ ስጠየቅ ደበቅሁ።»

«የተጻፈውን አንብብ እንጂ አንተ ሰው!» አሉ አቶ ስሜነህ፣ እጃቸውን ወደ ወረቀቱ እየዘረጉ። ሊነጥቁኝ አንድ እርምጃ ራመድ አሉ። ተከላካዩ ከአስከሬኑ ወዲያ ዞሮ መጥቶ በእኔና በእሳቸው መካከል ቆመ።

የአሰልጣኙ ባለቤት ወይዘሮ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሳጥኑ ራስጌ ተቀምጠው ነበር። ሲያለቅሱ ውለው ድምፃቸው ሻክሯል። ልጃቸውን ተደግፈው ብድግ አሉ፤ መጀመሪያ አቶ ስሜነህን፣ ቀጥሎ እኔን አዩኝ።

«ወንድሜ» አሉኝ፣ «ከኋላ ያሉት አልሰሙም። ድገመው።»

ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና፣ በከበሮ ሰዓት በማወጣው ድምፅ ደገምኩት።